ኡሙሰልማ ፊቷን አትሸፍንም

ሮቤ ሐሙስ ገበያ ወጥቶ ቅቤ የገዛ ሰው ሁሉ ኡሙሰልማን ያውቃታል። አላውቃትም የሚል ካለ ወይ ውሸቱን ነው፣ ወይ ዕድሜ ልኩን ሞራ የተቀላቀለበት ቅቤ ሲበላ የኖረ ምስኪን ነው። ገዢ መጥቶ ገና አፉን ሳይከፍት ከሳፋው ላይ በጣቷ ቆንጠር ታደርግና የእጇ ጀርባ ላይ ቀብታ «አሽትት!» ትላለች። ያሸተተ ይገዛል። አሽትቶ ፊቱን ያጨማደደ ከተገኘ ደግሞ «ሂድ ወዲያ፣ አፍንጫህን ታከም» ብላ ታባርረዋለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት እንኳ አንድ ቀን «እስቲ ትንሽ ቀንሺልኝ» ብትላት፣ «ጓዲት፣ መጀመሪያ ላሟን ሄደሽ አንቂያትና ወተት ትጨምር፤ እኔም ያኔ እቀንሳለሁ» አለቻት። ይህ እንግዲህ በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰው ሊስቅ ሲል እንኳ ግራ ቀኙን በሚያይበት ጊዜ!

መልኳም የዋዛ አልነበረም። ጠይም፣ አንገተ ረጅም፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ያልነካው ጥርት ያለ ፊት። ከዲንሾ ወዲህ ካለ ገጠር ተወልዳ ለባለጋሪው ለጉቱ ተድራ ነው ሮቤ የገባችው። አንድ ልጃቸው ሰልማ ባል አግብታ አንገቱ ወደሚባል ወረዳ ሄዳለች። ቤት ውስጥ የቀሩት ኡሙሰልማ፣ ባሏ ጉቱና የጉቱ እናት ናቸው። አማቷን ትልቅ ትንሹ «አደ ሞሚና» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ በኦሮምኛ የክብር አጠራር ነው፣ ለእሳቸው ደግሞ ይገባቸዋል። የስንቱን ልጅ እንዳሳደጉ፣ የስንቱን በሽተኛ እንዳስታመሙ ሰፈሩ ያውቃል።

ኡሙሰልማ አንድ ክፉ አመል ነበረባት፤ እኔ ክፉ እላለሁ እንጂ እሷ ኩራት ነው የምትለው። አሞኛል አትልም። ጥርሷን ሊነቅሏት ወንበር ላይ አስቀምጠዋት እንኳ «እንዴት ነሽ?» ቢሏት «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ነው መልሷ። ስለዚህ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ማሳል ስትጀምር ማንም ልብ ያለው አልነበረም። አንዴ የበርበሬ ሽታ ነው ትላለች፣ አንዴ የፈረስ አቧራ ነው ትላለች። ልብሷ እየሰፋት ሄደ። አንድ ቀን ግን ጉቱ ሻሿን ከአጥሩ ላይ ሲያነሳ ደም አየበት። ጉቱ ሲበዛ ዝምተኛ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከፈረሱ ጋር የሚያወራው ይበልጣል። ሻሹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጋሪውን ጠምዶ በሩ ላይ አቆመው።

«ውጪ» አላት።

«ወዴት?»

«ጎባ።»

ያን ጊዜ ክፍለ ሀገሩ የሚተዳደረው ከጎባ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ሆስፒታሉም እዚያ ነበር። አክታዋን መረመሩ፣ ራጅ አነሷት፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ይድናል፣ ግን ከዓመት በላይ መድኃኒት ሳያቋርጡ መዋጥ ነው። መድኃኒቱን የሚሰጣት ድሬሰሩ ኃይለየሱስ ነበር፤ አያቱ ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩ፣ እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ኦሮምኛን ከማናችንም በላይ የሚያፈስ ሰው። ኪኒኑን ቆጥሮ ከሰጣት በኋላ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ።

«አደ ኡሙሰልማ፣ ይስሙኝ። ይህ ነጩ ኪኒን ሳንባዎን ያድናል። ግን ጠባዩ ክፉ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያስቆጣል። ገላዎ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ዓይንዎ ከቀላ፣ አፍዎ ከቆሰለ፣ ያን ቀን እንዳይውጡት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ እኔ ነው።»

«ብውጠውስ?»

«ቆዳ ይገፋል። ዓይን ያጠፋል። የሞተበትም ሰው አለ።»

«ብተወውስ?»

«ሳልዎ ይገድልዎታል።»

«ታዲያ ምን ምርጫ ሰጠኸኝ!» አለችና ኪኒኑን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡሙሰልማ ከገዛ ቆዳዋ ጋር ተፋጠጠች። ሳሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጋብ አለላት፣ ምግብ ይርባት ጀመር፣ ኪኒኑ እየሠራ መሆኑን ሆዷ ያውቃል። ይህ ነበር ያስጨነቃት። እያዳናት ያለው ነገር ሊገድላት ይችላል ተብላለች፣ የሚመጣበትን ቀን ደግሞ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ የሚመታበት ቦታ ትቆምና ክንዷን ትገልጣለች፣ አንገቷን ትዳብሳለች፣ ሆዷን ታያለች። ልብሷ የነካት ሁሉ ያሳከካት ይመስላታል። ጀርባዋን ደግሞ ማየት አትችልም።

«ጉቱ፣ እስቲ ጀርባዬን እየው።»

«ምን ሆነ?»

«እሱን አይደል እንዴ የምጠይቅህ!»

ጉቱ አይቶ አይቶ «ቆዳ ነው» አለ።

«ምን ዓይነት ቆዳ?»

«ያንቺው ነዋ።»

ወይ ጉቱ! ከእሱ ይልቅ ፈረሱን ብትጠይቅ ይሻላት ነበር።

እንዲህ እያለች አንድ ሐሙስ ጠዋት ወገቧ ዙሪያ ቀያይ ነጥብ አየች። ክው አለች። ኪኒኑን ሳትውጥ፣ ሐሙስ ገበያዋን ትታ፣ የቅቤ ሳፋዋን ለአማቷ አስረክባ ጎባ በረረች። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ሰው ጢም ብሎ ተቀምጧል። ኃይለየሱስን መንገድ ላይ አስቁማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የነጠላዋን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ከወገቧ በላይ ያለውን አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«አደ ኡሙሰልማ! ይሄማ ቁንጫ ነው!»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ኃይለየሱስ ቶሎ ብሎ «ቢሆንም ደግ አደረጉ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ይምጡ» ብሏታል። ግን ማን ይስማው? ጆሮዋ ግሏል። ይባስ ብሎ አግዳሚው ላይ አንድ የሮቤ እንቁላል ነጋዴ ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ ገበያው ውስጥ «ቁንጫዋን ሆስፒታል አስተኝታ መጣች» የሚል ወሬ ቀድሟት ደረሰ። ኡሙሰልማን! ሰው ሁሉ ሲቀልድባት ዋለ። ያን ቀን ማለች፤ ሁለተኛ ለነጥብ ብላ ጎባ ላትሄድ፣ ሁለተኛ የሰው መሳቂያ ላትሆን።

እውነተኛው ሽፍታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ደረቷን በላት፣ ከዚያ ክንዷ ላይ ደቃቅ ቀይ ነገር ሽፍ አለ። ቁንጫ እንዳልሆነ ልቧ ነገራት። የቁንጫ ንክሻ ለይታ የማታውቅ የባሌ ሴት የለችም፤ ያን ጊዜም ፍርሃት ነው ያሳታት። ግን ያ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። «ይሄንንም ቁንጫ ቢለኝስ? ነገ ልየው» አለችና ኪኒኑን ዋጠችው። በማግስቱ ሽፍታው አንገቷን ዘልቆ ጉንጯ ላይ ወጣ። አሁን መደበቅ የለም። አደ ሞሚና አዩዋት፤ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ወጣልሽ! አልሐምዱሊላህ! ወጣልሽ ልጄ!»

እዚህ ላይ አሮጊቷን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ካለ ይታገሠኝ። በእኛ አገር ልጅ ኩፍኝ ሲይዘው የሚፈራው ሽፍታው ሲወጣ ሳይሆን ሳይወጣ ሲቀር ነው። ካልወጣ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድላል ይባላል። ስለዚህ በር ይዘጋል፣ ልጁ ይሸፈናል፣ ውኃና ነፋስ አይነካውም፤ ሽፍታው ግጥም ብሎ ሲወጣ ቤቱ እልል ይላል። አደ ሞሚና ያን ሁሉ ልጅ በዚህ መንገድ አውጥተዋል። አሁንም የታያቸው ይኸው ነው። የምራታቸው በሽታ ሳንባዋ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ፣ ኪኒኑ ገፍቶ ገፍቶ በቆዳዋ አስወጣው።

«ዶክተሩ ግን ሽፍታ ካየሽ አትዋጪ ብሎኛል» አለች ኡሙሰልማ። ለእሷ ነጭ ልብስ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ዶክተሩ ስንት ልጅ ከኩፍኝ አውጥቷል? ጀምሮ ሊተወው ነው እንዴ? ዋጪ! ይውጣ፣ ተጠርጎ ይውጣ!»

ኡሙሰልማም ማመን ፈለገች። ጎባ መሄድ የለም፣ የሚስቅባት የለም፣ ድኛለሁ ማለት ብቻ ነው። ገላዋ እንዲህ የነደደው ለበጎ ከሆነ ትችለዋለች! ጋቢ ተከናንባ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሰፈሩ ሰማ። ሴቶች የገብስ ገንፎ በቅቤ እየያዙ «እንኳን ወጣልሽ» ለማለት መጡ። የአራስ ቤት መሰለ። እሷም እንደ አራስ ኩራት ኩራት እያላት «አሚን፣ አሚን» ስትል ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗ ተጣብቆ አልከፈት አላት። በእጇ አሽታ ስትከፍተው ብርሃኑ ወጋት። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል። ገንፎ አቀረቡላት፤ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ ስታደርግ የገዛ ቅቤዋ እንደ እሳት ፈጃት። ማንኪያውን ስታወጣው የከንፈሯ ቆዳ አብሮ መጣ። በምላሷ ዳሰሰችው፤ አፏ በሙሉ ቆስሏል። ሽፍታ፣ ዓይን፣ አፍ። ኃይለየሱስ የጠራው ሁሉ ተራ በተራ መጥቷል፣ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰልማን ሳላያት ልሞት ነው» ብላ አሰበች።

አደ ሞሚና በአንድ እጃቸው ወተት፣ በሌላው ያንን ነጭ ኪኒን ይዘው ፊቷ ቆመዋል። ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት።

«በይ ቢስሚላህ በይ» አሉ አደ ሞሚና።

«አልውጥም።»

«ምን አልሽ?»

«አልውጥም፣ እማ። አሞኛል።»

ይህችን ቃል ከአፏ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

«በጣም አሞኛል። ይሄ መውጣት አይደለም፣ እየተቃጠልኩ ነው። ይቆጡኝ፣ ያዝኑብኝ፣ እኔ ግን እሄዳለሁ። ጉቱ! ጋሪውን ጥመድ!»

«ተጠምዷል» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ።

ጉቱ በዕድሜው እናቱን ተቃውሞ አያውቅም። ያን ቀንም አልተቃወመም። ግን ከንጋት ጀምሮ ፈረሱን ጠምዶ፣ ልጓሙን ይዞ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለ ባል ይስጣችሁ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ!

አደ ሞሚና የጋሪውን ጎማ ይዘው ጮኹ። «ነፋስ ሊያስመቷት ነው! ወደ ውስጥ ሊመለስባት ነው! ልጄን ገደላችኋት!» ጋሪው ሲንቀሳቀስ ግን የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ምራታቸው ላይ ጣሉና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከኋላ ዘለው ወጡ። መንገዱን ሙሉ አቅፈዋት ሄዱ። ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ገመዱን ወጥሮ «የይለፍ ወረቀት!» አለ። ኡሙሰልማ መልስ ሳትሰጥ ጋቢውን ከፊቷ ገለጠችለት። ሰውዬው ወረቀቱን ረሳው። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ በሉ ፍጠኑ!» እያለ ገመዱን ራሱ ጣለው።

ኃይለየሱስ ግቢው ውስጥ ነበር። ከጋሪው ስትወርድ ሲያያት ቀለሙ ጠፋ።

«ዛሬ ቁንጫ አይደለም» አለችው።

«በፈጣሪ! ለምን በመጀመሪያው ቀን አልመጡም?»

«ሳቅህን ፈርቼ።»

ኃይለየሱስ በሁለት እጁ አቅፎ አንስቶ ወደ ውስጥ ሮጠ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ፊት ሲስቅ ያየው ሰው የለም ይባላል።

የነጩ ኪኒን ነገር በዚያው አበቃ። ኡሙሰልማ ለሳምንታት ተኛች። ቆዳዋ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተገፈፈ ወረደ። ዓይኗ ይጠፋል ተብሎ ተፈርቶ ተረፈ። አደ ሞሚና ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው እህል አልቀምስም አሉ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል፤ አንድ ቀን ተጨማሪ ብትውጥ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብሏል። ያን ኪኒን በመዳፋቸው ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ኡሙሰልማ መናገር በቻለች ቀን መጀመሪያ የጠራችው እሳቸውን ነው።

«እማ፣ ይብሉ።»

«በምን ፊቴ ልብላ፣ ልጄ?»

«ክፉ ያሰበልኝ ሰው ገንፎ አያገነፋልኝም። በጋሪ ላይ አቅፎም አያመጣኝም። ይብሉ ብያለሁ!»

አሮጊቷ እያለቀሱ በሉ።

ዋናው ፈተና ገና ነበር። ሳንባዋ አልዳነም፤ መድኃኒት ካልቀጠለች ሳሉ ይመለሳል። ሐኪሙ ነጩን ኪኒን ሁለተኛ እንዳትነካው ብሎ ከለከለና በምትኩ መርፌና ሌላ ኪኒን አዘዘ። ግን አንድ በአንድ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቆዳዋ እየታየ። አንድ ጠዋት ኃይለየሱስ የአዲሱን ኪኒን ሩብ ቁራሽ በማንኪያ ይዞላት መጣ። ተቀበለችው። ግን ማንኪያውን ጭኗ ላይ ይዛ ታየዋለች እንጂ ወደ አፏ አላቀረበችውም።

ኪኒን ፈራች ብሎ የሚስቅ ሰው ይኖራል። ይሳቅ! የገዛ ቆዳውን አንሶላ ላይ አግኝቶ የማያውቅ ሰው መሳቅ አያቅተውም። ኃይለየሱስ ዋጪ አላላትም። አደ ሞሚናም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። ጉቱ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ሁሉም ፈርተዋል። ኡሙሰልማ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? ሥራ የላችሁም እንዴ?» አለችና «ቢስሚላህ» ብላ ዋጠችው።

ከዚያ ወዲያ አደ ሞሚና ለራሳቸው ሥራ ሰጡ። የምራታቸው ቆዳ ጠባቂ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ከሴቶች ሕሙማን ክፍል ጓሮ፣ ፀሐዩ ላይ፣ አንሶላ ዙሪያዋን ጋርደው ከራስ ቅሏ እስከ ውስጥ እግሯ ያዩዋታል። የጆሮዋን ጀርባ፣ የጣቶቿን መሃል፣ ምኑም አይቀራቸውም። ከዚያ ኃይለየሱስ ዘንድ ሄደው ቀጥ ብለው ቆመው ይነግሩታል። «ምንም የለም።» አንድ ቀን ደግሞ «ከቀኝ ትከሻዋ በታች አንዲት ነጥብ አለች፤ ትናንት አልነበረችም» አሉት። ኃይለየሱስ የያዘውን ጥሎ መጥቶ አየ። ብጉር ነበረች። ማንም አልሳቀም። «እንዲህ ነው እንጂ፣ አደ ሞሚና» ብሎ እጅ ነሳቸው። ቁራሹ ግማሽ ሆነ፣ ግማሹ ሙሉ ሆነ፣ ሁለተኛው መድኃኒት ተጨመረ። ቆዳዋ ተቀበለው።

ኡሙሰልማ ሮቤ ስትመለስ በእግሯ፣ ሳታስል፣ ሰውነቷ ሞላ ብሎ ነው። ፊቷ ግን የድሮው አይደለም። ጉንጯና ግንባሯ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ነጣ ያለ ምልክት ቀርቷል። እጇም እንዲሁ። የገበያ ወሬ ደግሞ ምን ጊዜ ያጣል? ሥጋ ደዌ ነው ተባለ፣ እርግማን ነው ያለም አልታጣ። ጎረቤቶች በደግነት «ሻሽሽን ዝቅ አድርጊው፣ በነጠላሽ ጫፍ ሸፈን በይ» አሏት። አደ ሞሚና እንኳ ሰፋ ያለ ሻሽ ገዝተው መጡ።

«ሰርቄ ነው እንዴ የምሸፈነው?» አለች።

«ሰው ይሸሽሻል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ይሽሽ! ይህን ፊት በስንት መከራ ነው ያተረፍኩት። አሁን ደርሼ ልደብቀው?»

ሐሙስ ሲመጣ ፊቷን ገልጣ የድሮ ቦታዋ ላይ ሳፋዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ከጎኗ ቅቤ የምትሸጠው ማሚቱ የራሷን ሳፋ ወደ ወዲያ ሳብ አደረገች። ገዢው መጥቶ ያይና ይዞራል። የሚጠይቃት ካለ ድምፅዋን ሳትቀንስ ትመልሳለች። «ሳንባ ነበረብኝ። መድኃኒቱ ቆዳዬን አቃጠለኝ። በሌላ ቀየሩልኝ፣ እየዳንኩ ነው። ሌላስ?» ያን ቀን ሳፋዋን እንዳለ ተሸክማ ተመለሰች። የሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ። ቤት ገብታ አልቅሳለች፣ ይህን ልደብቅ አልችልም። ግን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሳ ወጣች።

ብርድ በበዛበት አንድ ሐሙስ ገበያው ደምቆ ሳለ አንዲት የገጠር ሴት መጥታ ፊቷ ቆመች። ቅቤውን አታይም። የኡሙሰልማን ጉንጭ ነው የምታየው፤ ትክ ብላ፣ ያለ ኀፍረት።

«የሚሸጠው ቅቤ ነው፣ ፊቴ አይደለም» አለቻት ኡሙሰልማ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አልሄደችምም። ቁጢጥ ብላ አጠገቧ ተቀመጠችና በኦሮምኛ በሹክሹክታ ጀመረች። ልጇ ሰይዳ ታማ እዚሁ ሮቤ ዘመድ ቤት ተኝታለች። ሳንባ ነው ተብላ ያን ነጭ ኪኒን ትውጣለች። ትናንት ገላዋ ሽፍ አለ። አያቷ ወጣላት ብለው በር ዘግተው ሸፍነዋታል፣ ጎረቤት እልል ብሏል።

«እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ» አለች ሴትዮዋ። «በኪኒን ተቃጥላ የተረፈች ሴት ገበያ መሃል ፊቷን ገልጣ ትቀመጣለች ሲሉ ሰማሁ። እውነት ከሆነ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው የመጣሁት። አሁን አየሁት።»

ኡሙሰልማ ብድግ አለች። ሳፋውን ክዳን እንኳ አላደረገችለትም። «ቅቤሽስ?» አለች ማሚቱ ደንግጣ። «ከፈለግሽ ሽጪው፣ ካልፈለግሽ ድፊው!» ብላ ሴትዮዋን በክንዷ ይዛ በገበያው መሃል ሮጠች። ሰው ያን ጊዜ የሸሻት እንደሆነ መንገድ ሊለቅላት ነው።

ዘመዶቹ ቤት ስትደርስ የሰይዳ አያት በሩ ላይ ቆመዋል። «አይከፈትም፣ ነፋስ ይመታታል» አሉ። ሲያዩዋቸው ቁርጥ አደ ሞሚናን ናቸው፤ ያው ፍቅር፣ ያው እልህ። ኡሙሰልማ አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ፊታቸው አስጠጋች።

«እናቴ፣ ይዩኝ። ለእኔም እልል ተብሎልኝ ነበር። ያስታመሙኝ አማቴ እንደ እርስዎ የሚወዱኝ ናቸው፣ እንደ እርስዎ በር ዘጉልኝ። በደንብ ይዩኝ። ይንኩኝ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯ ላይ ያለውን ምልክት በጣታቸው ዳሰሱት። ግንባሯን ዳሰሱ። አገጯ ሥር ቆዳው የተኮማተረበትን ቦታ ነኩ። ከዚያ ዞረው በሩን ራሳቸው ከፈቱት፣ ልጅቷ ላይ የተከመረውን ብርድ ልብስ ራሳቸው ገፈፉ።

«ውሰጂልኝ» አሉ። «ፈጥነሽ ውሰጂልኝ።»

ጉቱ ጋሪውን ሲነዳ ፈረሱን ያን ቀን ያህል ሲቆጣው ታይቶ አይታወቅም። ሰይዳ ኡሙሰልማ ጭን ላይ ተጋድማ ነው ጎባ የገባችው። ዓይኗ ገና አልቀላም፣ አፏም አልቆሰለም። ኪኒኑ በጊዜው ቆመላት፣ ሽፍታው በቀናት ውስጥ ከሰመ፣ በሌላ መድኃኒት ጀመሩላት። ኡሙሰልማም ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሳፋዋን እንደሞላ ተሸክማ የተመለሰችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰይዳ ድና፣ አድጋ፣ አንዳንድ ሐሙስ ከእናቷ ጋር ገበያ ትወጣ ነበር፤ ጉንጯ እንደ ወለላ ጥርት ያለ፣ አንዲት ምልክት የሌለበት። ኡሙሰልማ ከሩቅ ስታያት ሥራዋን ታቆማለች። የቆመ ገዢ ካለ ይጠብቃል።

«ያችን ልጅ አያችኋት?» ትላለች፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። «ያ ፊት የኔ ነው።»